የቡሪት ጆሮ

ጎህ ሲቀድ የአቦ ጨፌ ላሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። የሚቀሰቅሳቸው ሰው የለም፤ አንገታቸው ላይ የታሰረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ማተብ የሚሉት፣ ይጠራቸዋል። ማተብ የሚለውን ስም ያወጡለት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ቄሶቹ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ ኋላ እነሱም «የላሜ ማተብ ላላ፣ ማተቧ ጠበቀ» ማለት ጀመሩ። የቤቱ ሰው ድርሻ በረቱን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ላሞቹ የመንገዱን ዳር ይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ጭራ እየተከተለች፣ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ። ተረኛ የሆነው የሜዳው ክፍል ውስጥ ገብተው ሲግጡ ይውላሉ። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ያህል ሲቀረው ያ ክፍል ይዘጋል፤ ላሞቹ ወደሚቀጥለው ይጠራሉ፤ የተጋጠው ያርፋል። ማታ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ወተታቸው ይታለባል፤ ሹፌር የሌለው የወተት መኪና በየደጁ እየቆመ ይሰበስባል።

ሜዳው አጥር የለውም፤ እረኛም የለውም። ወሰኑን ላሞቹ በጆሯቸው ያውቁታል። ሲጠጉት ማተቡ ያፏጫል፤ ፉጨቱን ያልሰማች ላም በኤሌክትሪክ ትቆነጠጣለች። ከጥጃነታቸው ስለለመዱት የሚቆነጠጥ እምብዛም የለም። ሰው ደግሞ ወደ ሜዳው አይገባም። ይህ ሕግ ከወጣ አንድ ትውልድ አልፏል። ስለዚህ የአቦ ጨፌ ሰዎች ላሞቻቸው ቀን የት እንደሚውሉ አያውቁም። ሲሄዱ ያያሉ፣ ሲመጡ ያያሉ። ሜዳውን የሚያውቁት ክረምት ጣና ሞልቶ ውኃው በምሰሶ ላይ ከቆሙት ቤቶቻቸው ሥር ሲደርስ፣ በጋም ከመንገድ ዳር ቆመው አረንጓዴውን ሲመለከቱ ነው።

በዚያ ኅዳር አንጓች ፈንቴ ቤት ጎህ ሲቀድ አንዲት ጊደር ተኝታ ትቀር ነበር።

ጊደሯ ቡሪት ትባላለች፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ናት፤ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። እናቷ በሕይወት ሳለች ጭራዋን ተከትላ ስለምትወጣና ስለምትገባ ማንም ምንም አላስተዋለም። እናቲቱ በክረምቱ ሞተች። ውኃው ሸሽቶ ሜዳው ሲከፈት ቡሪት በመጀመሪያው ቀን እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን አልበላችም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተገትራ መዋል ጀመረች፤ ወዴትም ብትራመድ ቁንጥጫው ሳታስበው ይመጣባታልና። አንጓች አንድ ጠዋት ከኋላዋ ቆማ ድስት በማንኪያ መታች። በረት ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ተበታተኑ። የቡሪት ጆሮ ግን አልተንቀሳቀሰም።

አንጓች ዕድሜዋ ከአርባ ትንሽ ያለፈ፣ ባል ያላገባች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። አብዛኛውን ዕድሜዋን ወረታ ከተማ ነው ያሳለፈችው። ወደ አቦ ጨፌ የተመለሰችው አባቷን ለማስታመም ነበር። አባቷ ፈንቴ ከእስር ተፈቶ ሲመጣ አንዲት ላም ገዛ፤ የቡሪት እናት እሷ ነበረች። ሲሞት ለአንጓች የቀሩት ቤቱና ላሚቱ ናቸው። አሁን ደግሞ ላሚቱም ሄዳለች።

ከሜዳ ጽሕፈት ቤቱ ረድኤት የምትባል ወጣት ሠራተኛ በብስክሌት መጣች። ጊደሯን መረመረች፤ አንገቷ ላይ የተላጠውን ጠጉር በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያም ሕጉ የሚለውን በቀስታ ነገረቻት። ጥሪ የማትሰማ ከብት ሜዳ ላይ መዋል አትችልም። ወይ በረት ውስጥ ታስራ ትቀለባለች፣ ወይ ወደ ቄራ ትሄዳለች። አንጓች ስለ ማሰሩ አሰበችበት። አባቷ ከተፈታ በኋላ በር ተዘግቶበት መተኛት አይችልም ነበር፤ በብርድም በክረምትም በሩ ገርበብ ብሎ ነበር የሚያድረው። እሱ የገዛት ላም ልጅ ዕድሜ ልኳን ታስራ ስትኖር ማየት እንደማትችል ለረድኤት ነገረቻት። ቄራ የሚለውን ቃል ግን ሁለቱም መልሰው አላነሱትም።

ረድኤት ልትሄድ ብስክሌቷን ካቀናች በኋላ ቆም አለች። በሕጉ ውስጥ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ አንድ አንቀጽ እንዳለ ነገረቻት። የማትሰማ ከብት በእግሩ አብሯት የሚውል ሰው ካገኘች ሜዳው ላይ መዋል ትችላለች።

«አንቀጹ ቃሉ ‹ጆሮ› ነው የሚለው፣ እትዬ አንጓች። ‹የማትሰማ ከብት ጆሮ ይኑራት› ነው የሚለው» አለቻት።

ባለቤቷ መግባት ትችላለች። ነገር ግን ሜዳው ማጥ አለው፤ ብቻዋን አይፈቀድላትም። ከሕጉ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ ከብት የጠበቀ ሰው አብሯት መሆን አለበት። ረድኤት ከነዚያ ሰዎች በአቦ ጨፌ በሕይወት ያለ፣ መራመድም የሚችል ማን እንዳለ ጠየቀቻት።

አንጓች መልሱን ታውቀው ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ቢያድግልኝ ይባላል።

ከሜዳው ሕግ በፊት ቀድሞ የነዳ ነበር የሚበላው። ሁሉም ለመቅደም ስለሚሽቀዳደም ሣሩ ለማቆጥቆጥ ፋታ አላገኘም። ሰርዶው ከነሥሩ ተግጦ አለቀ፤ ማገጥ የሚባለው ከብት የሚወደው ቅጠል ጠፋ፤ በቦታቸው ከብት የማይቀምሰው አሜኬላ ሜዳውን ወረሰው። መጨረሻ ላይ የቀረችው ጉማራ ወንዝ የሚታጠፍበት አንዲት አረንጓዴ ጥግ ነበረች። በአንድ የድርቅ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ የአንጓች አባት ፈንቴና የቢያድግልኝ ወንድም ጀንበሩ ከብቶቻቸውን ይዘው እዚያች ጥግ ላይ ተገናኙ። ከቃል ወደ ዱላ ደረሱ። ፈንቴ አንድ ጊዜ መታው። ጀንበሩ ወደቀ፤ አልተነሣም። አንጓች ያኔ ሕፃን ነበረች፤ እናቷ የዚያኑ ዕለት አዝላ ወደ ወረታ ይዛት ሸሸች። ፈንቴ ታሰረ። ሽማግሌዎች ገብተው ደሙን አደረቁት፤ በቀል ቀረ። የሜዳው ሕግም የወጣው ከዚህና ይህን ከመሰሉ ሞቶች በኋላ ነው። ቢያድግልኝ ከብቱን ሸጦ ሩዝ አራሽ ሆነ። በቤቱና በሜዳው መካከል ባሕር ዛፍ በረድፍ ተከለ። ዛፉ አደገና ሜዳውን ጋረደለት። አንጓች ከተመለሰች ወዲህ ቀብር ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ስትሄድበት ለዘር ያስቀረውን ሩዝ በሰፌድ ሲያበጥር አገኘችው። አዝመራውን ማሽን ቢያጭደውም ቢወቃውም ዘሩን ግን በእጁ ነው የሚያበጥረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂሙ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰው ነው። ስትገባ ብድግ አለ።

«አያ ቢያድግልኝ፣ የመጣሁት ለሰው አይደለም፤ ለከብት ነው» አለችው።

«ከብቷ ምን ሆነች?»

«አትሰማም።»

ሁሉንም ነገረችው። ሳያቋርጥ አዳመጣት። ስትጨርስ ሰፌዱን አስቀመጠና፣ ሜዳውን ከተወው ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ እግሩም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገራት። አልተቆጣም፤ ፊቱም አልተለወጠም። እግዜር ሌላ መላ ያምጣልሽ ብሎ እስከ ደጅ ሸኛት። አንጓች በመንገድ ላይ አለቀሰች፤ በእሱ አልፈረደችም። በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም እንደዚያው ትል እንደነበር አሰበች።

ከሰዓት በኋላ ግን ቢያድግልኝ ባሕር ዛፎቹን አልፎ ሄደ። ይህን የነገራት ኋላ ነው። ለምን እንደሄደ እሱም አያውቅም፤ ምናልባት የማትሰማ ላም ምን ትመስል ይሆን ብሎ ነው። መንገዱ ዳር ቆሞ፣ የዚያን ዕለትም ከመንጋው ጋር የወረደችውን ቡሪትን ከርቀት አያት። ሌሎቹ እየጋጡ ከፊቷ ሲርቁ እሷ ብቻዋን ቀርታለች። አንድ እግሯን አንሥታ መራመድ ትፈልግና መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። እንደገና ታነሣለች፣ እንደገና ታስቀምጣለች። ቢያድግልኝ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆሞ ሲያያት አንዲት ጋት ፈቀቅ አላለችም።

በማግሥቱ ማለዳ አንጓች በረቱን ስትከፍት መንገዱ ላይ ቆሞ አገኘችው። ወደ ግቢው አልገባም። በእጁ ዱላ የለም።

«ጊደሯን አውጫት» አላት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም አልተነጋገሩም። የሚነጋገሩት ስለ ቡሪት ነበር። የላም ዓይን ጎንና ጎኗ ላይ ስለሆነ ከኋላዋ የሚመጣ ሰው እንደሚያስደነግጣት ነገራት። አንጓች ከትከሻዋ ቀድማ ከቆመች ጊደሯ ትቆማለች፤ ከትከሻዋ ወደ ኋላዋ ካለፈች ደግሞ ጊደሯ ትራመዳለች። መጮህ አያስፈልግም፤ መምታትም አያስፈልግም። ወሰኑ ላይ ሲደርሱ ማተቡ ሲያፏጭ አንጓች ትሰማለች፤ ቶሎ ቀድማ ትቆምና መዳፏን ከጭኗ አጠገብ ቀስ አድርጋ ወደ መሬት ታወርዳለች። ቡሪት በመጀመሪያ አልገባትም፤ ሁለት ጊዜ ተቆነጠጠች። በሦስተኛው መዳፉን አየችና ቆመች። ከዚያም ፊቷን አዙራ መጋጥ ጀመረች። አንጓች የጥርሷን ድምፅ ቆማ አዳመጠች። ቢያድግልኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር።

ቀኑ እየተደጋገመ ሲሄድ ቡሪት ዓይኗን ከአንጓች ላይ የማትነቅል ሆነች። እየጋጠችም ቢሆን በአንድ ዓይኗ ትከታተላታለች። ጎኗ ሞላ፤ ጠጉሯ መልሶ አንጸባረቀ።

ቢያድግልኝ ደግሞ ሣሩን ይመለከት ነበር። የሚያርፈውን ክፍል አይረግጡትም፤ የሚሄዱት በላሞቹ ዱካ ላይ ነው። ወሰኑ ላይ ግን ይንበረከክና እጁን ሰድዶ ሰርዶውን ገለጥ ያደርጋል። ከሥሩ ማገጥ አለ፤ ከማገጡ ሥር ጥቁር እርጥብ አፈር አለ። ጥንዚዛዎች እበቱን እየቆፈሩ ወደ አፈሩ ያስገቡታል። አሜኬላ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን እንደዚያ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። አንጓች አሞት ይሆን ብላ ቀረበች።

«ይኸን ያህል ሣር ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም» አላት ቀና ሳይል። «ውሸት ነው ስል ነበር የኖርኩት። ከመንገድ ዳር ሲያዩት ለዓይን ያምራል እንጂ ሥሩ ባዶ ነው ስል።» ሰርዶውን መልሶ አስተኝቶ፣ «ያኔ በየተራ እናሳርፈው ያለን ሰው አልነበረም» አለ። ጨርሶ ሲነሣ ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አላራገፈም።

ሌላ ቀን፣ ላሞቹ በቀትር ሲያመሰኩ፣ አንጓች መዳፏን ወደ መሬት እያወረደች ቡሪትን ታለማምዳት ነበር። ይህን የእጅ ምልክት ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው።

«ከአባትሽ» አላት።

አንጓች እጇ በአየር ላይ ቀረ።

ቢያድግልኝ ቀስ እያለ ነገራት። እሱና ጀንበሩ አባታቸው በሕፃንነታቸው ነበር የሞተባቸው። ከብት ይዘው ሜዳ ሲወርዱ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ፈንቴ ከእነሱ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ከብት በዱላ አይነዳም፤ ሌሎች ሲስቁበትም ግድ አይሰጠውም። ማጡ የት እንዳለ፣ የቱ ሣር ጠዋት ጠል ሳለ ከብት እንደሚነፋ፣ ይህን የመዳፍ ነገር፣ ሁሉንም ያሳያቸው እሱ ነው።

«ሁለታችንንም ያስተማረን ፈንቴ ነው። እኔንም፣ ጀንበሩንም» አላት።

አንጓች አባቷ ስለ ሜዳው አንዲት ቃል ሲናገር ሰምታ አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያድር ሽማግሌ ነው።  ቡሪት አመስኳ ስትጨርስ ተነሣች፤ እነሱም ተነሥተው ተከተሏት። የዚያን ቀን አንጓች መዳፏን ባወረደች ቁጥር የራሷን እጅ ታየው ነበር።

ጥር ላይ የቡሪት ጡት ተወጠረ። አንጓች ቤት ልታስቀራት አስባ ነበር፤ ቢያድግልኝ ግን ገና ጥቂት ቀን እንደሚቀራት ስለገመተ አወጧት። ግምቱ ስቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላሞቹ የነበሩበት ክፍል ሣሩ ልኩ ደርሶ ተዘጋ፤ ማተቦቹ በአንድ ጊዜ ጠሩ፤ መንጋው በሙሉ ቀና ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል መጓዝ ጀመረ። ቡሪት ግን ከመሐል ሜዳ ተኛች። ጎኗ ተኮማተረ። ምጥ ጀምሯታል።

ማተቧ ማፏጨት ጀመረ። እሷ አትሰማውም፤ እነሱ ይሰሙታል። ቁንጥጫው ሲመጣ አንገቷን ወደ ላይ ወርውራ ለመነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ወደቀች።

አንጓች ወደ ረድኤት ደወለች። ረድኤት ድምፅዋ ተለወጠ። ወሰኑን ለአንዲት ላም ብቻ ማንሣት እንደማትችል፣ ብታነሣው መንጋው ሁሉ ወደ ተጋጠው ሣር እንደሚመለስ፣ ማተቡም የሚፈታው በቁልፍ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ቁልፉን ይዛ እየመጣች ነው። መንገዱ ግን ቅርብ አይደለም።

ስልኩን ስትዘጋ ቢያድግልኝ ጋቢውን አጣጥፎ በማተቡና በቡሪት አንገት መካከል ለማስገባት ሲታገል አየችው። ጋቢው አልገባም፤ ማተቡ ጠባብ ነው። ጋቢውን ጣለና ሁለት እጁን በመዳፉ በኩል በማተቡ ሥር ሰደደ። የሚቆነጥጡትን ሁለቱን ጉብታዎች በመዳፉ ሸፈናቸው። ቁንጥጫው መጣ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ቡሪት አንገቷን አላነሣችም።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ተው» አለችው።

«አንቺ ወደ ኋላዋ ሂጂ» አላት። «ጥጃው እንዴት እንደመጣ እዪ።»

ሄደች። አንድ የፊት እግርና አፍንጫ ይታያል። ሁለተኛው እግር የለም። ነገረችው። ጥርሱን ነክሶ ቁንጥጫው እስኪያልፍ ጠበቀና፣ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ መቅረቱን፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ጥጃውን መልሳ እንድትገፋው፣ ከዚያ እጇን ሰድዳ ኮቴውን በመዳፏ ሸፍና ወደ ፊት እንድትስበው ነገራት። ኮቴው ማሕፀኗን እንዳይቀድደው በመዳፏ መሸፈኑን እንዳትረሳ ሁለቴ ደገመላት። አንጓች በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ነክታ አታውቅም። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። ውስጡ ይሞቃል፤ ክንዷን አጥብቆ ይጨምቃታል። ጉልበቱን አገኘችው፤ ከጉልበቱ ወደ ታች ወረደች፤ ኮቴው ጠፋባት፤ እንደገና አገኘችው። ከፊት በኩል የቢያድግልኝ ትንፋሽ ይሰማታል። በየቁንጥጫው ይቋረጣል፤ ደግሞ ይቀጥላል። አንዴም አልጮኸም። ለቡሪት የሆነ ነገር እያንሾካሾከ ነበር፤ እንደማትሰማው እያወቀ።

«መጣ» አለች አንጓች። «እግሩ መጣ።»

«ሁለቱንም ያዥ። ስታምጥ ወደ መሬት ሳቢ፤ ወደ ራስሽ አትሳቢ። ወደ መሬት።»

ረድኤት ብስክሌቷን ጥላ ባረፈው ሣር ላይ እየሮጠች ስትደርስ ጥጃው እስከ ትከሻው ወጥቶ ነበር። በቁልፉ ማተቡን ፈታችው። ማተቡ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ እዚያም ሆኖ ማፏጨቱን አላቆመም። ቢያድግልኝ እጆቹን ከፍ አድርጎ ያዛቸው፤ ጣቶቹ ታጥፈው አልዘረጋ ብለውታል። ረድኤት በሁለት እጇ ይዛ ልታሻቸው ሞከረች፤ እያለቀሰች ነበር። ሕጉ እንዲህ እንዲሆን አልነበረም፣ ማንም ይህን አላሰበም ትላለች።  የቢያድግልኝ ዓይን ጥጃው ላይ ነበር። ጥጃው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቷል። አንጓች አፍንጫውን በቀሚሷ ጠረገችለት፤ ጎኑን በሣር አሸችው። አስነጠሰ። ቡሪት ዞራ ትልሰው ጀመር።

ወንድ አይደለም፤ ሴት ጥጃ ናት። ማተቡ ሣሩ ላይ ገና ያፏጫል። የጥጃዋ ጆሮ ወደዚያ ዞረ።

የቢያድግልኝ ጣቶች ለብዙ ቀን አልታዘዝ አሉት። አንጓች ጠዋትና ማታ ለጋ ቅቤ እየቀባች ታሻቸው ነበር። እንገሩን አፍልታ በቅል ይዛለት ሄደች፤ ጽዋውን መያዝ ስላቃተው እሷ ይዛለት ጠጣ። ረድኤትም አንድ ቀን መጣች፤ በላም አንገት ላይ የሰው እጅ ሲኖር ማተቡ እንዲቆም ለማድረግ ለአለቆቿ ማመልከቷን፣ እነሱም መቀበላቸውን ነገረቻቸው። ለቡሪትም ማፏጨት እንጂ መቆንጠጥ የማይችል ሌላ ማተብ አመጣችላት።

ጥጃዋ እያደገች ስትሄድ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ጎህ ሲቀድ ማተቧ ሲጠራት ትነሣለች፤ ቡሪት ልጇ ስትነሣ አይታ ትነሣለች። ወሰኑ ላይ ጥጃዋ ፉጨቱን ሰምታ ትዞራለች፤ እናቲቱም ተከትላ ትዞራለች። አንጓችና ቢያድግልኝ ከኋላ ሆነው ያያሉ። መዳፍ ማውረድ የሚያስፈልግበት ጊዜ እየቀነሰ መጣ፤ በመጨረሻም ቀረ።

ረድኤት የፈቃዱን ነገር ልትነግራቸው የመጣች ዕለት ከብስክሌቷ ሳትወርድ ብዙ ቆየች። ላሟ አሁን ጆሮ አላት። ስለዚህ የእግር ፈቃዱ የአሁኑ ክፍል ሲዘጋ ያበቃል። አንጓች ይህ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ቢያድግልኝን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል። ከዚያም አንጓች ቀጥሎ የሚከፈተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ረድኤት ጉማራ የሚታጠፍበት የወንዝ ዳሩ ክፍል መሆኑን ነገረቻት።

አንጓች ረድኤትን ወደ ጎን ወሰደቻት፤ አንድ ቀን ብቻ እንድትጨምርላቸው ለመነቻት፤ ለምን እንደሆነም ነገረቻት።  ረድኤት ስለ ሜዳው ሕግ አጀማመር በትምህርት ቤት የተማረችው በሟቾች ቁጥር ነበር፤ የሰዎቹን ስም ሰምታ አታውቅም። አንዱን ቀን ሰጠቻቸው።

የወንዝ ዳሩ ክፍል ሲከፈት ላሞቹን ተከትለው ገቡ። መጋቢት ነበር፤ ፀሐዩ ከባድ ነው። ሣሩ ግን አርፎ ስለከረመ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከወንዙ በኩል ነፋስ ሲመጣ ይተኛና ይነሣል። ሳቢሳ የሚባሉት ነጫጭ ወፎች በላሞቹ መካከል ይራመዳሉ። ቢያድግልኝ ወንዙ የሚታጠፍበት ሲደርስ ዙሪያውን አየ፤ ጥቂት ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ቆመ። ጀንበሩ የወደቀበትን ቦታ የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። ሣር ብቻ ነው።

«እዚህ ነው» አለ።

ተቀመጠ። አንጓችም ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ላሞቹ እየጋጡ አጠገባቸው ደረሱ፤ ቡሪትና ጥጃዋም ነበሩባቸው።

«እኛ ቤት ለጀንበሩ ተለቅሶ አያውቅም» አለች አንጓች። «እናቴ ስሙ እንዲነሣ አትፈቅድም ነበር። አባቴም አይችልም ነበር። በምን ፊታችን እናለቅሳለን?»

 ቢያድግልኝ እሱም እንዳላለቀሰ ነገራት። በቀብሩ ዕለት ንዴት ነበር የያዘው። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ የለቅሶው ጊዜ አልፎ ነበር። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ተነሥቶ ወንድሜን ብሎ ቢያለቅስ ምን ይባላል? እንዲህ እያለ ሳለ ድምፁ ተሰበረ። ጣቶቹ አሁንም በደንብ የማይዘረጉትን እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ።

አንጓች ተነሥታ አጠገቡ ሄደች። ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አደገደገች። ሕፃን ሳለች እናቷ አዝላት ስትሸሽ ያልተለቀሰውን ለቅሶ አሁን አለቀሰችው። ጀንበሩን አታውቀውም፤ መልኩንም አታስታውስም። ግን በስሙ ጠራችው። የአባቷንም ስም ጠራች፤ ቢያድግልኝም ሰምቶ አልከለከላትም። እንዲያውም በመሐል አንድ ጊዜ፣ «ሁለቱም ጥሩ እረኞች ነበሩ» አለ፤ ደግሞ አለቀሰ።

ላሞቹ በዙሪያቸው ሲግጡ ዋሉ። ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ማተቦቹ ጠሩ። ጥጃዋ ቀና አለች፤ ቡሪት አየቻት፤ ተከታትለው ወደ መንደሩ መንገድ ያዙ። ቢያድግልኝ ሊነሣ እጁን መሬት ላይ አስደገፈ። አንጓች ትከሻዋን ሰጠችው፤ ተደግፏት ቆመ። የተቀመጡበት ቦታ ሣሩ ተኝቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ በተጣመሙት ጣቶቹ ቀና ቀና አደረገው።

«ነይ እንሂድ፣ ልጄ» አላት። «ይረፍ እንግዲህ።»